የቀርከሃው ሁለት ክረምት

ጥናቱን የፈረምኩት በ1978 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ከምሳ በፊት ነው። ሦስት ገጽ ነበር። ሁለቱ ገጾች ስለ አፈሩ ጥልቀትና ስለ ዳገቱ ዝንባሌ የሚናገሩ ቁጥሮች ናቸው፤ ማንም አላነበባቸውም። የተነበበው በሦስተኛው ገጽ ላይ ያሰፈርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «በኮረብታው ላይ ያለው የቀርከሃ ደን ሙሉ በሙሉ ደርቆ የሞተ በመሆኑ ተመንጥሮ ለእርሻ ቢውል የሚታጣ ጥቅም የለም» ይላል። ከሥሩ ብሪቱ ዋቅጅራ፣ የአፈርና የሰብል ባለሙያ።

ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት ነበር። ስሕተት መሆኑን ያወቅኩት ከአምስት ቀን በኋላ፣ ስለ ሰርግ ልጠይቅ በሄድኩበት ቤት ነው።

መንደር ሰባት ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ከሚወስደው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ የሰፈራ ጣቢያ ነው። ሰፋሪዎቹ በ1972 ከወሎ መጡ፤ በ1977 ከድርቁ የተረፉ ሌሎች ተጨመሩባቸው። ከጣቢያው በላይ ያለው ኮረብታ ከእግሩ እስከ አናቱ ቀርከሃ የለበሰ ነበር። ከሥሩ ምንጭ ይወጣል። ከምንጩ ማዶ የጎረቤታችን የሽማግሌው ሐምዳን ሰዎች መንደር ነው። እነሱ በርታ ናቸው፤ እኛ ሁላችንም ሳንመጣ የነበሩ። የሁለቱም መንደር ሴቶች የሚቀዱት ከዚያው ምንጭ ነበር፤ ጠዋት እነዚያ፣ ከሰዓት እነዚህ። ማንም ደንብ አላወጣላቸውም።

ባለቤቴ መርጋ የጣቢያው የትራክተር መካኒክ ነበር። በ1977 ጥቅምት ላይ በወባ ሞተ። ትኩሳቱ በጸናበት ቀን በጣቢያው የሚሠራ መኪና ስላልነበረ ሐምዳን ከኮረብታው ሁለት ቀርከሃ ቆርጦ ቃሬዛ ሠራና ከአምስት ሰዎች ጋር እስከ ዋናው መንገድ ተሸከሙት። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ይህንንም ያነሣሁት ከዚያ በኋላ ሰው ቤት መሄድ መተዌን ለመናገር ነው። ሥራዬን እሠራለሁ፣ ሪፖርቴን እጽፋለሁ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬን እዘጋለሁ። ሰዎች ያከብሩኝ ነበር፤ እያከበሩኝም ራቁኝ። ድሮ እኔና መርጋ ሐምዳን ቤት በሳምንት አንድ ቀን እንቀመጥ ነበር። እዚያ ቤት መሄዴን ባልተው ኖሮ ስለ ቀርከሃው በጊዜው እሰማ ነበር።

የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ጓድ ቀጄላ እንደ እኔ የወለጋ ሰው ነው፤ ከመርጋ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል። ክፉ ሰው አልነበረም። ሰው ተርቦ ካደረ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ዕቅድ ከጎደለ ደግሞ ጭራሽ አይተኛም።

ዕቅዱ በየዓመቱ ይጎድል ነበር። ጫካው እንደተመነጠረ አንድ ሄክታር ሃያ ሁለት ኩንታል በቆሎ ሰጥቶ ነበር አሉ። እኔ በመጣሁበት ዓመት አሥራ አራት ሰጠ፤ ባለፈው ዓመት ዘጠኝ። የጠቅላላው ምርት ቁጥር ግን አልወረደም፤ ማሳው በደከመ ቁጥር ከጎኑ አዲስ ጫካ ይመነጠራል፣ ድምሩም ያድጋል። አሶሳ የሚደርሰው ድምሩ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ፣ መሬቱ ደክሟልና ከሦስት አንዱ እጅ እየተፈራረቀ ይረፍ ብዬ ጽፌያለሁ። የሐምዳን ሰዎች የሚያርሱትም እንዲሁ ነው፤ ሦስት ዓመት ያርሳሉ፣ መሬቱን ያሳርፉታል፣ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። በስብሰባ ላይ ይህ «ኋላ ቀር» ተባለ።

በጥር ወር ቀጄላ ቢሮዬ መጣ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ቆቡን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ብሪቱ፣ አምና የተጨመረብን ስድስት መቶ አባወራ ነው። ዕቅዱ ደግሞ አሥራ አምስት በመቶ ዕድገት ይላል። ከየት ላምጣ?»

«የድሮው ማሳ ይረፍ ብዬ ጽፌልሃለሁ።»

«አንብቤዋለሁ። በዕቅዱ ቅጽ ላይ ‹የሚያርፍ መሬት› የሚል ዓምድ ፈልጌ አጣሁ።»

«ዓምድ ይጨመራላ።»

«እንግዲያው አንቺ ዓምዱን ጨምሪ፣ እኔ ኮረብታውን ልጨምር» አለና ሳቀ። «ደግሞስ ቀርከሃው ደርቋል። ሂጂና እዪው። የሞተ ነገር ላይ አንጣላም።»

ሄድኩ። ወደ ደኑ በሚያስገባው መንገድ አፍ ላይ ሁለት እንጨቶች ተመሳቅለው በሣር ታስረዋል። ለፍየል የተደረገ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። ደኑ እውነትም ደርቋል። አገዳው ሁሉ አመድ መስሏል፣ ቅጠሉ ረግፎ ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል። አንዱን አገዳ በብዕሬ መታ መታ አደረግኩት፤ ባዶ ድምፅ ሰጠ። ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ገለባ የመሰለ ነገር በዘለላ በዘለላ ተንጠልጥሏል። በሽታ ነው አልኩ። በኮሌጅ ስለ ቀርከሃ የተማርነው ግማሽ ገጽ አይሞላም። አርባ ደቂቃ ቆይቼ ወረድኩ፣ ሰው በማይቀዳበት ሰዓት በምንጩ አለፍኩ፣ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ፈረምኩ። ክርክር ደክሞኝ ነበር፤ ዝም ማለት ስለምፈልግ ከቀጄላ ጋር ተስማማሁ። እውነቱ ይኸው ነው።

የሐምዳን ልጅ ኡምኩልሱም በየካቲት ታገባለች ሲባል ቀደም ብዬ ሰምቼ ነበር። እሑድ ዕለት ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ ሄድኩ። ሰርግ ሲሆን መቅረት አይቻልም፤ ሐዘንተኛም ብሆን። የሐምዳን ሚስት ጣሂራ በሩ ላይ ቆማ በሩቁ አየችኝ። የእሷም የሐምዳንም አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኛም ለምደነዋል።

«ማነው ይሄ? መንገድ ጠፋበት?» ብላ ጮኸች። «ዓመት ሙሉ ጠፋህ! እኔ ኡስታዛ ሌላ ባል አገባ ብዬ ነበር!»

ኡስታዛ የተማረች ሴት ማለታቸው ነው። ሐምዳን ከውስጥ በቋንቋቸው ተቆጣት። እሷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሳቅኩ። ከሳቅኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ስለነበር ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

አስገቡኝ። ጣሂራ ከርከዴ፣ ቀዩን የአበባ ሻይ፣ በብርጭቆ ቀዳችልኝ። ስኳሩን ሰጠኋት።

«ለሰርጉ ነው።»

«ሰርግ የለም» አለ ሐምዳን።

«ምን ሆነ? ልጁ ሐሳቡን ለወጠ?»

ኡምኩልሱም ከጓዳ ሳቀች። ጣሂራ መለሰችልኝ፤ «ዐወድ ሐሳብ አይለውጥም። በየጁምዓው ከመንጌ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ገና ሳያገባ የእኔን ማሽላ ጨረሰ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ቤት የለም» አለ ሐምዳን። «ሙሽራ አዲስ ቤት ይሠራል። ቤት በቀርከሃ ነው። ዘንድሮ ቀርከሃ አይቆረጥም። የሚቀጥለውም አይቆረጥም። ሁለት ኸሪፍ። ከዚያ ሰርግ፣ ኢንሻአላህ።»

ኸሪፍ የሚሉት ክረምትን ነው።

«የሞተውን ቀርከሃ ቢቆርጥ ምን ይጎዳል?»

«ማን ሞተ?»

«ቀርከሃው።»

ሐምዳን ጣሂራን አያት። ከዚያ ልጅን እንደሚያስተምር ሰው ቀስ ብሎ ተናገረ። «ኡስታዛ፣ ቀርከሃ አልሞተም። ወልዷል።»

ተነሥቶ ወደ ኮረብታው ወሰደኝ። በተመሳቀሉት እንጨቶች ሥር አላለፈም፤ ዞሮ በዳር በኩል ገባና ተንበረከከ። ቅጠሉን በሁለት እጁ ገለጠው። ከሥሩ አፈሩ አይታይም ነበር። ከገብስ ቀጠን የሚል ዘር መሬቱን አልብሶታል። በመዳፉ ዘግኖ ሰጠኝ።

«እናት አንድ ጊዜ ይወልዳል። ሁሉም በአንድ ዓመት፣ ዙሪያው በሙሉ። ወልዶ እናት ይሞታል፣ ልጅ ይነሣል። አባቴ ሲያሳየኝ እኔ እንደዚህ ነበርኩ» ብሎ እጁን ከመሬት ሁለት ክንድ ያህል ከፍ አደረገ። «አሁን ሽማግሌ ሆንኩ፣ ሁለተኛ አየሁ። ሦስተኛ አላይም።»

«የሚበቅለው መቼ ነው?»

«ዝናብ ሲመጣ ይነሣል። እንደ ሣር ነው፣ ፍየል ቢበላው አለቀ። ስለዚህ መንገድ አሰርን። እሳት የለም፣ ፍየል የለም፣ ገጀራ የለም። ሁለት ኸሪፍ ብቻ። ከዚያ ራሱን ይጠብቃል።»

«ከተቃጠለስ?»

ጥያቄው አላስደሰተውም። «ከተቃጠለ እናት የለም፣ ልጅ የለም። ከየት ይመጣል?» ወደ ታች ወደ ምንጩ በአገጩ አመለከተ። «ውሃም የለም። ውሃ ከቀርከሃ እግር ነው የሚወጣ።»

ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። «ነገ ጠዋት ቢሮ የምጨርሰው ጉዳይ አለ» ብዬ ወረድኩ። ዘሩን በመሐረቤ ቋጥሬ ያዝኩት።

ሰኞ በጠዋት ቀጄላ ቢሮ ገባሁ። ጥናቱ ሐሙስ ዕለት ወደ አሶሳ ተልኳል።

«የፈረምኩት ስሕተት ነው» አልኩት።

«የቱ?»

«ሞቷል ያልኩት። አልሞተም፤ ዘር ጥሏል። ሁለት ክረምት ካልተነካ ደኑ ይተካል። ከተነካ ኮረብታው ይላጫል፣ ምንጩም ይደርቃል።»

«ማን አለ?»

«ሐምዳን።»

«ሐምዳን የት ነው የተመረቀው?» አለና ወዲያው አፈረ። «ይቅርታ። እሱስ መልካም ሰው ነው።»

መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት። ቀጄላ አንድ ዘር አንሥቶ በጥርሱ ሰበረ።

«ይበላል?»

«በክፉ ቀን ይበላል አሉ።»

«ስድስት መቶ አባወራ ሁለት ክረምት ሙሉ ይህን ይብላ?»

«የታችኛውን ማሳ ሲሶውን ቦሎቄ ብንዘራበት መሬቱ ቶሎ ያገግማል። ቀስ በቀስ…»

«ብሪቱ፣ ቀስ በቀስ የሚባል ነገር የለኝም። ዶዘሮቹ መጋቢት ላይ ይገባሉ። ከሌላ ጣቢያ ጋር ተሻምቼ ነው ያገኘኋቸው። ዛሬ ይቅሩ ብል ዳግመኛ አይሰጡኝም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መርጋ ቢኖር እንዲህ አያስቸግረኝም ነበር።»

ዘሮቹን አንድ በአንድ ሰብስቤ ወጣሁ።

ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩና በእህል መኪና ተጭኜ አሶሳ ሄድኩ። የካቲት አጋማሽ ነበር። ጉዳዩን የያዙት ኃላፊ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጓቸው።

«ጓድ ባለሙያ፣ ይህ ደን በጥር ሞቶ በየካቲት ተነሣ ነው የምትይኝ?»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር።

«በጥርም አልሞተም ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ጥናቱን ስታጠኚ ለምን አልታየሽም?»

«ሰው አልጠየቅኩም።»

«ማንን?»

«እዚያ የሚኖሩትን።»

«እነሱማ እንደሚቃወሙ እናውቃለን» አሉ ረጋ ብለው። «አንቺን የላክነው ለዚህ አይደል?»

ደብዳቤውን አቃፊ ውስጥ ከተቱት። ማኅተም አላረፈበትም፤ መልስም አልመጣም።

ከአሶሳ እንደተመለስኩ በቀጥታ ሐምዳን ቤት ሄድኩ። የሚመጣውን ከዶዘር ድምፅ ሳይሆን ከእኔ እንዲሰሙ ፈለግኩ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሐምዳን የቅርጫት አፍ እየጠገነ ነበር፤ እጁ ቆመ።

«ወረቀቱ ላይ ያለው እጅ ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው።»

ጣሂራ ተነሥታ ገባች። ስኳሩን አምጥታ ፊቴ አኖረችው። አልተከፈተም ነበር። ሐምዳን አልተቆጣትም በዚህ ጊዜ። እኔንም አልተቆጣም። «ያጠፋ እጅ ይመልሳል» አለ። «ሂድና መልስ።»

«ሞከርኩ።»

«እንደገና።»

እንደገና ጻፍኩ። ወደ ነቀምቴ ጻፍኩ፣ ወደ አዲስ አበባም ጻፍኩ። ደብዳቤ የሚሄደው በሳምንት አንዴ ነው። ዶዘሮቹ ቀድመው መጡ።

መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን ጠዋት ሁለት ዶዘሮች በኮረብታው ሥር ቆሙ። የሐምዳን ሰዎች፣ ሠላሳ ያህል ወንድና ሴት፣ ከተመሳቀሉት እንጨቶች ፊት መንገዱ ላይ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያውን ዶዘር የያዘው ዲሳሳ የሚባል የጊምቢ ልጅ ነበር። ሞተሩን አጠፋ።

«እኔ ሰው ላይ አልሄድም» አለ። «ወረቀቱን ያመጣ ያስነሣቸው።»

ቀጄላ አራት ሚሊሺያ ይዞ መጣ። ከሰፋሪዎቹም ብዙ ሰው ተከትሎ ወጣ። ሐምዳን ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ «ኡስታዛ ይናገር። የጻፈው እሱ ነው» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከመርጋ ቀብር ወዲህ በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። «ደኑ አልሞተም» አልኩ። «ሞቷል ብዬ የጻፍኩት ሳልጠይቅ ነው። ሁለት ክረምት ብትታገሡት ይተካል። ዛሬ ከተመነጠረ ይህን ምንጭ እናጣለን፤ እነሱ ብቻ ሳይሆኑ እኛም።»

ቀጄላ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና ያችን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ አነበባት። ከዚያ ስሜንና ማዕረጌን አነበበ።

ከሰፋሪዎቹ መካከል አያ ሙሄ ወደ ፊት ወጣ ብለው በሽመላቸው ተደገፉ። የወሎ ሽማግሌ ናቸው፤ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች አንዱ።

«ጓድ ቀጄላ፣ እኔን ከአገሬ የነቀለኝ ድርቅ ብቻ እንዳይመስልህ። የእኛም ጋራ ደን ነበረው። ሰው በዛ፣ ማሳው ደከመ፣ አባቶቻችን ወደ ላይ እንረስ አሉ። ወደ ላይ አረስን። ያም ደከመ፣ ደግሞ ወደ ላይ። በኋላ ወደ ላይ የሚባል ሲጠፋ እዚህ አመጣችሁን። ከዚህ ወዲያ እንግዲህ ሱዳን ነው።»

ሰው ሳቀ። ዲሳሳም ከዶዘሩ ላይ ሆኖ ሳቀ።

«አያ ሙሄ» አለ ቀጄላ፣ ሳይቆጣ። «የዛሬ ዓመት የልጅ ልጆችዎ ምን ይብሉ? ይንገሩኝና አሁኑኑ ዶዘሩን ልመልስ።»

ሽማግሌው ኋላቸው የቆሙትን ልጆች ዞረው አዩ። «በእሱስ ልክ ነህ» አሉ። ወደ ነበሩበት ተመለሱ፤ ሰፋሪዎቹም ከእሳቸው ጋር ወደ ኋላ አሉ።

ሚሊሺያዎቹ የተቀመጡትን በክንዳቸው እየያዙ አንድ በአንድ ከመንገዱ አወጧቸው። ማንም አልተመታም። ሐምዳን ተራው ሲደርስ ራሱ ተነሣ። የታሰረውን ሣር በጥርሱ ፈታው፣ ሁለቱን እንጨቶች ትከሻው ላይ አድርጎ ወረደ። ብረቱ እንዲሰብራቸው አልፈለገም መሰለኝ።

ዲሳሳ ሞተሩን አስነሥቶ በአጠገቤ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ፣ «እትዬ፣ እኔ ማርሽ ቀያሪ ነኝ። መንገዱን ያሳየሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ለመሳደብ አልነበረም። ራሱን ነፃ ማውጣት ፈልጎ ነው።

ምንጣሮው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ከዚያ እሳት ለቀቁበት። ቀርከሃ ሲቃጠል አንጓው እንደ ጥይት ይፈነዳል፤ ከድርቁ የመጡት ሕፃናት ተኩስ መስሏቸው አልጋ ሥር ገቡ። አይጦች በመንጋ ወደ ጎተራው ወረዱ። በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር አገሩ በሙሉ ቆሎ ቆሎ ሸተተ። መሬት ላይ የነበረው ዘር ነው የተቆላው። ልጆች ጣሳ ይዘው ወጡ፣ ከአመዱ ውስጥ እየለቀሙ በሉ። «ይጣፍጣል፣ እትዬ» እያሉ ለእኔም በመዳፋቸው ሰጡኝ። ተቀበልኳቸው። መብላት ግን አልቻልኩም።

በዚያ ክረምት ኮረብታው በቆሎ ተዘራ። ከአመዱ የተነሣ አሥራ ዘጠኝ ኩንታል ሰጠ፣ ዕቅዱ ሞላ፤ ቀጄላ ነቀምቴ ተጠርቶ ተጨበጨበለት። በሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ አፈሩን ይዞ ወረደ። ከአናት እስከ እግር ሁለት ቦይ ተቀደደ፤ በአንደኛው ውስጥ ሰው ሲቆም ባርኔጣው ብቻ ይታያል። ምርቱ አሥራ አንድ ሆነ። ምንጩ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ በደለል ተሸፈነ። የሁለቱ መንደር ሴቶች እየጫሩ ከፈቱት፤ መልሶ ተሸፈነ። በ1980 ኅዳር፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚቀዳበትን የቀርከሃ ቱቦ ሞልቶ በሚወርድበት ወር፣ ክር አክሎ ቀረ። ሐምዳን የለመነን ሁለት ክረምት በዚህ አለፈ።

ያኔ ቀጄላ አዲስ ቅጽ ይዞ መጣ። የሚቀጥለው ኮረብታ ነበር።

«አልፈርምም» አልኩት።

«ሌላ ይፈርማል።»

«ይፈርም።»

ወደ ነቀምቴ እንድዛወር ሊያደርግ እንደሚችል ነገረኝ፤ ለእኔ አስቦ ነበር። እምቢ አልኩ። የመርጋን መቃብር ትቼ አልሄድም አላልኩትም። እዚህ ሥራ አለኝ ብቻ አልኩት። በታኅሣሥ አዲስ ተመራቂ መጣ፤ ጨዋ ልጅ ነው። አዲሱን ኮረብታ አይቶ በዚያው ሳምንት ፈረመ። ከመፈረሙ በፊት ወደ ማዶ ሄዶ ሰው እንዲጠይቅ ነግሬው ነበር። «ማንን ልጠይቅ?» አለኝ። የሚጠየቁት ሊሄዱ ዕቃቸውን እያሰሩ ነበር።

የሐምዳን ሰዎች የለቀቁት በጥር ነው፤ ወደ መንጌ፣ ወደ ዐወድ ዘመዶች አገር። እዚያ ውሃ አለ፤ እርሻው ባይበቃ ወርቅ ያጥባሉ። የሚፈርሰውን ግድግዳ ሁሉ አፍርሰው አሰሩት፣ አሮጌውን ቀርከሃ። አዲስ የሚቆረጥበት ስለሌለ የኡምኩልሱም የሙሽርነት ቤት ከእናቷ ቤት ግድግዳ ይሠራል። አህያ ሦስት ብቻ ነበራቸው፤ የቀረውን ሰው ተሸከመ። እኔም ሳልጠየቅ አንድ እስር ቀርከሃ አነሣሁ። ጣሂራ አየችኝ፤ አስቀምጥ አላለችኝም። እስከ ዋናው መንገድ አብሬያቸው ሄድኩ።

መንገዱ ጋ ስንደርስ ሐምዳን ሸክሜን ተቀብሎ በራሱ ሸክም ላይ ደረበው።

«እዚያ ያለው ኮረብታ ወልዷል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«እዚያ ቀርከሃ የለም። ድንጋይ ነው።»

ጣሂራ ነጠላዋን አስተካክላ ፊቴ ቆመች። «አንተስ? ማን አለህ እዚህ?»

«ሥራ አለኝ።»

«ሥራ» አለች። ቃሉን በአፏ ውስጥ ያዘችው። ወደ ኮረብታው፣ ወደ ሁለቱ ቦዮች ተመለከተች። «ሥራህ አላለቀም?»

መልሴን ቆማ አልጠበቀችም። አህዮቹ መንገዱን ይዘው ነበር፤ ደረሰችባቸው።

አሁን በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ምንጩ ጋ እወርዳለሁ። ማንም አላዘዘኝም። የሰፋሪዎቹ ሴቶች ከእኔ ቀድመው ይደርሳሉ፤ የዕርዳታ ዘይት የመጣበትን ጣሳ በተራ ደርድረው ቁጭ ይላሉ። ደለሉን በአካፋ እጠርጋለሁ፣ የመጀመሪያውን ጣሳ ከድንጋዩ ሥር አኖራለሁ፣ ሰዓቴን እመለከታለሁ። የምችለው ይህንን ነው፤ መለካት።

ዛሬ አንዱ ጣሳ ለመሙላት ሃያ ስድስት ደቂቃ ወሰደ። ባለፈው ሳምንት ሃያ አንድ ነበር።

«እትዬ ብሪቱ፣ ስንት ሆነ?» አለችኝ ከሰልፉ መጨረሻ ልጅ ያዘለች ሴት።

«ሃያ ስድስት።»

«ደግ ነው» አለች፤ ቁጥሩ ብዙ ስለሆነ ውሃው የጨመረ መስሏት።

በሰልፉ ውስጥ ሰባ ጣሳ ነበር። በልቤ አባዛሁት። የእሷ ተራ የሚደርሰው ነገ ቀትር ላይ ነው። የሞላውን ጣሳ አንሥቼ ለባለቤቱ ሰጠሁና ቀጣዩን አስገባሁ።